የ5000 ኪዩብ ሩት 10 አይደለም፣ 1666ም አይደለም

ጥያቄው፦ «መምህር፣ ጎንደር አዘዞ ላይ ብየዳ ቤት ነው የምሠራው። አንዲት ደንበኛችን፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ውሃ በፈረቃ ስለሆነባቸው 5000 ሊትር የሚይዝ የብረት ታንከር አዘዙኝ። ቁመቱም ወርዱም ርዝመቱም እኩል ይሁን ብለዋል። 8ኛ ክፍል የምትማረው እህቴ “ኪዩብ ሩት ነው የምትፈልገው” ብላ ከስልክ ቪዲዮ ያየችውን አቋራጭ ሠራችልኝ፤ 10 መጣ። እኔ በስልኬ ካልኩሌተር ስመታው 1666.67 አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ 17 ነው ይላል። 17 ምን? ሜትር ከሆነማ ግቢያቸውን ሁሉ ሊውጠው ነው። ላሜራው 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው። የቱን ልያዝ? አቋራጩስ እህቴን ለፈተና ይጠቅማታል?»

የቀረበው ጓደኛህ ነው። መልሱ 17.1 ነው፤ መለኪያው ደግሞ ዴሲሜትር፣ ማለትም እያንዳንዱ ጎን 171 ሳንቲ ሜትር። ብረት ከመቁረጥህ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። ምክሬ «171 ቁረጥ» አይደለም።

መጀመሪያ 1666.67 ከየት እንደመጣ እንይ። ኪዩብ ሩት ማለት ለሦስት ማካፈል ማለት አይደለም። አንድ ቁጥር ሦስት ቦታ ተጽፎ ሲባዛ 5000 የሚሰጠው የትኛው ነው ማለት ነው። ስልክህ ላይ የጻፍከው 5000^1÷3 ሳይሆን አይቀርም። ካልኩሌተሩ ያዘዝከውን ነው የሠራው። መጀመሪያ 5000ን በ1 ከፍ አደረገው፤ ያው 5000 ነው። ከዚያ ለሦስት አካፈለው። አንድ ሦስተኛውን በቅንፍ ማሰር ነበረብህ፤ 5000^(1÷3) ብለህ። ያኔ 17.0998 ይልሃል። ብዙ ስልክ ላይ ካልኩሌተሩን አግድም ስታዞረው የኪዩብ ሩት ምልክት ያለው ቁልፍም ይወጣል። እሱን ካገኘህ ከቅንፍ ጣጣ ተገላገልክ።

የእህትህ 10 ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አቋራጩ ውሸት አይደለም። ችግሩ ያለቦታው መግባቱ ነው።

አሠራሩን በ175616 ላሳይህ። ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ኪዩብ በቃል መያዝ አለብህ፦ 1፣ 8፣ 27፣ 64፣ 125፣ 216፣ 343፣ 512፣ 729። የመጨረሻ አሃዛቸውን እይ። ሁሉም ይለያያል፣ አንድም የሚደገም የለም። 1 በ1፣ 4 በ4፣ 5 በ5፣ 6 በ6፣ 9 በ9 ያልቃል። 2 እና 8 ቦታ ይለዋወጣሉ፤ 3 እና 7ም እንደዚያው። እንግዲህ 175616 በ6 ስለሚያልቅ ሩቱም በ6 ያልቃል። ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ቁረጥና 175ን ብቻ ያዝ። 175 በ125 እና በ216 መካከል ነው፤ ማለትም በ5 ኪዩብ እና በ6 ኪዩብ መካከል። ትንሹን ውሰድ፣ 5። መልሱ 56። አባዝተህ አረጋግጥ፤ 56 × 56 = 3136፣ 3136 × 56 = 175616። ልክ ነው። ሰፈር ውስጥ ለማስደመም ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ግን አቋራጩ ምን እንደሠራ ልብ በል። ያየው ከፊት ያለውን 175 እና ከኋላ ያለውን 6 ብቻ ነው። መሃል ላይ ያሉትን 6 እና 1 ዞር ብሎም አላያቸውም። ስለዚህ ቁጥሩ 175626 ቢሆንም፣ 140006 ቢሆንም፣ 215996 ቢሆንም ያለምንም ማመንታት «56» ይልሃል። ከ125000 እስከ 215999 ድረስ በ6 የሚያልቁ 9100 ቁጥሮች አሉ። አቋራጩ ለሁሉም 56 ብሎ ይመልሳል። ልክ የሚሆነው ለአንዱ ብቻ ነው። ቪዲዮዎቹ የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ፍጹም ኪዩብ፣ ማለትም የአንድ ሙሉ ቁጥር ኪዩብ፣ መሆኑ ታውቆ ነው የሚሰጥህ። ጠያቂው 56ን ሦስት ቦታ አባዝቶ ያመጣውን ቁጥር ነው አንተ መልሰህ የምትፈታው።

5000 ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የመጨረሻው አሃዝ 0፣ ስለዚህ 0። ሦስቱን ዜሮ ቁረጥ፣ 5 ቀረ። 5 በ1 እና በ8 መካከል ነው፣ ስለዚህ 1። 10 ወጣ። 10 ሦስት ቦታ ሲባዛ ግን 1000 ነው። በዚያ ልክ ብትበይድ እትዬ ያዘዙትን አንድ አምስተኛ ይዘህላቸው ትሄዳለህ። ክፍያውንም አንድ አምስተኛ ቢያደርጉት አይፈረድባቸውም።

«ታዲያ ፍጹም ኪዩብ መሆኑን በምን ልወቅ?» ካልክ፣ ፈጣን ማጣሪያ አለ። የቁጥሩን አሃዞች ደምር፤ ድምሩ ከአንድ አሃዝ በላይ ከሆነ እንደገና ደምር፣ አንድ አሃዝ እስኪቀር ድረስ። የፍጹም ኪዩብ ውጤት 1፣ 8 ወይም 9 ብቻ ነው። የ5000 ድምር 5 ነው፤ እዚያው ወደቀ። 175616 ደግሞ 26 ይሆናል፣ 2 እና 6 ሲደመር 8፤ አለፈ። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ማጣሪያው የሚያውቀው መጣል ብቻ ነው፤ ያለፈውን ሁሉ አያጸድቅም። ቅድም ያነሳሁትን 175626 ሞክረው። ድምሩ 27፣ ከዚያ 9። ያልፋል! ኪዩብ ግን አይደለም።

ቁርጡን የሚነግርህ ቁጥሩን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ወደማይካፈሉት፣ መበተን ነው። 5000ን ስትበትነው ሦስት ሁለቶችና አራት አምስቶች ታገኛለህ፦ 2 × 2 × 2 × 5 × 5 × 5 × 5። አሁን ተመሳሳዮቹን ሦስት ሦስት እያደረግክ ቧድናቸው። ሁለቶቹ አንድ ቡድን ሞሉ። አምስቶቹም አንድ ቡድን ሞልተው አንድ 5 ብቻውን ቀረ። አንድም ቢሆን ትርፍ ከቀረ ፍጹም ኪዩብ አይደለም፤ አለቀ። ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ወደ ውጭ ስታወጣ 2 × 5 = 10 ይሆናል፤ ውስጥ የቀረው 5 ነው። ስለዚህ የ5000 ኪዩብ ሩት 10 ሲባዛ የ5 ኪዩብ ሩት ነው። እህትህ ያገኘችው 10 እንግዲህ የመልሱ አንዱ ክፍል ነበር ማለት ይቻላል። የ5 ኪዩብ ሩት 1.71 ገደማ ነው፤ ይህም በሙሉ ቁጥርም ሆነ በክፍልፋይ ተጽፎ የማያልቅ፣ አሃዞቹ ሳይደጋገሙ የሚቀጥሉ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ትክክለኛውን ቁጥር ስጡኝ» ብትል የሚሰጥህ የለም። ጥያቄው እስከ ስንተኛው አሃዝ ትፈልጋለህ የሚለው ነው። ለብየዳ ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ፍጹም ላልሆነ ቁጥር ታዲያ በእጅ እንዴት ይሠራል? እኔ የምመክረው አንድ መንገድ ብቻ ነው። መጀመሪያ አጥር አበጅ። 17 × 17 × 17 = 4913። 18 × 18 × 18 = 5832። 5000 በመካከላቸው ነው፣ ለዚያውም ከ17 ጎን ተጠግቶ። ስለዚህ መልሱ 17 ነጥብ ምናምን ነው። እዚህ ብትቆም እንኳን 10 እና 1666 ሁለቱም እብድ ቁጥሮች መሆናቸውን አውቀሃል። ለዚህ ነው አጥሩ ሳይሠራ ምንም ካልኩሌተር አይነካ የምለው።

ቀጥሎ ግምትህን አርም። ግምትህ 17 ነው። 5000ን ለ17 ሁለቴ አካፍለው፣ ወይም በአንድ ጊዜ ለ289። 17.301 ይወጣል። 17 ልክ ቢሆን ኖሮ ድርሻውም 17 ይሆን ነበር። አሁን ሦስት ቁጥር አለህ፦ 17፣ 17 እና 17.301። አማካያቸውን ውሰድ። ድምሩ 51.301፣ ለሦስት ሲካፈል 17.1003። በአንድ ዙር ብቻ እዚህ ደረስን! አሁን 17.1ን ይዘህ አንድ ዙር ድገመው፤ 5000 ለ292.41 ሲካፈል 17.0993፣ የሦስቱ አማካይ 17.0998። ከዚህ በላይ ማጥራት የብየዳ ቤት ሥራ አይደለም። አንድ ጠባይ አለው፤ ግምትህ ከታችም ተነሳ ከላይ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ውጤቱ ሁልጊዜ ከእውነተኛው መልስ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው። ለታንከር ይህ ደግ ነው። ቢያተርፍ እንጂ አያጎድልም።

በነገራችን ላይ ሱቅ ውስጥ ያለው ተራ ካልኩሌተር የኪዩብ ሩት ቁልፍ የለውም፤ ካሬ ሩት ግን አለው። በእሱም ይቻላል። ግምትህን በ5000 አባዛ፣ ከዚያ የካሬ ሩት ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫን። የወጣውን እንደገና በ5000 አባዛና ሁለቴ ተጫን። ከ17 ብትነሳ 17.075፣ ከዚያ 17.094፣ ከዚያ 17.098 እያለ ይጠጋል። ከሩቅ ተነስተህም ይደርሳል፤ ዙሩ ብቻ ይበዛል።

እንደ ረጅም ማካፈል አሃዝ በአሃዝ እየተወረደ የሚሠራ የድሮ ዘዴም አለ። የሕንዱ ሊቅ አርያብሃታ ከ1500 ዓመት በፊት ጽፎታል። ያምራል፤ ግን በየደረጃው የሚያዙት ቁጥሮች ስለሚበዙ አንድ ቦታ ከተሳሳትክ ሁሉም ይበላሻል። የማረሚያው ዘዴ ግን ብትሳሳት እንኳን በቀጣዩ ዙር ራሱን ያቃናል። እኔ ያንን ነው የምመርጠው።

አሁን ወደ «17 ምን?»። ሊትር ማለት ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 1 ዴሲሜትር ነው። ስለዚህ በሊትር ከገባህ በዴሲሜትር ትወጣለህ፦ 5000 ገብቶ 17.1። በሜትር ኪዩብ ከገባህ 5 ገብቶ 1.71 ሜትር ይወጣል። በሳንቲ ሜትር ኪዩብ ከሆነ 5,000,000 ገብቶ 171 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ሦስቱም አንድ ናቸው። አሃዞቹ ያልተለወጡት በየጊዜው ሦስት ዜሮ ስለጨመርን ነው። አንድ ወይም ሁለት ዜሮ ብቻ ብትጨምር ግን ሌላ ቁጥር ነው የሚመጣው፤ የ50 ኪዩብ ሩት 3.68፣ የ500 ደግሞ 7.94 ነው። 17 ሜትር ብለህ ብትሠራውማ አምስት ሚሊዮን ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። እትዬ ለሰፈሩ ሁሉ ውሃ ማከፋፈል ነው የሚቀራቸው።

ሌላ ቀን «እጥፉን ሥራልኝ» ቢሉህ ደግሞ ጎኑን እጥፍ እንዳታደርግ። ጎኑ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ 40,000 ሊትር። ለ10,000 ሊትር ጎኑን በ1.26 ብታባዛ ይበቃል፤ 215 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። የጥንት ግሪኮች ይህንን ኪዩብ እጥፍ የማድረግ ነገር በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ለመሥራት ብዙ ለፍተዋል። እንደማይቻል ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ፒየር ዋንትዜል ነው፣ በ1837 እ.ኤ.አ.። አንተ ሜትር ስላለህ አያስጨንቅህም።

እንግዲህ ወደ ላሜራው። እትዬ ለምን እኩል ጎን እንደፈለጉ እገምታለሁ። «ኪዩብ ብረት ይቆጥባል» የሚባል ነገር አለ። በወረቀት ላይ እውነት ነው፤ ከሳጥን ሁሉ ተመሳሳይ ውሃ በትንሹ ብረት የሚይዘው ኪዩብ ነው። የ171ዱ ኪዩብ ስድስት ፊቶች ስፋታቸው 17.54 ሜትር ካሬ ነው። ግን ላሜራ በካሬ ተቆራርሶ አይሸጥልህም። 171 በ171 የሆነ አንድ ፊት ከ1 በ2 ላሜራ ስታወጣ አንድ 100 በ171 ቁራጭና አንድ 71 በ171 ቁራጭ ያስፈልግሃል። ከአንድ ላሜራ ደግሞ 171 የሚረዝም ቁራጭ ከአንድ በላይ አይወጣም። ስድስት ፊት፣ ሁለት ሁለት ቁራጭ፤ 12 ላሜራ። ከ24 ሜትር ካሬ ብረት ስድስት ተኩል ያህሉ ቁርጥራጭ ሆኖ ጥግ ይቆለላል። ቁርጥራጩን እየቀጣጠልክ ላሜራ ልትቀንስ ትችላለህ፤ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ብየዳ ውሃ የሚያንጠባጥብበት ተጨማሪ ቦታ ነው። ይህንን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ።

ስለዚህ ምክሬ፦ ርዝመቱን 2 ሜትር፣ ወርዱን 2 ሜትር፣ ቁመቱን 125 ሳንቲ ሜትር አድርገው። 2 × 2 × 1.25 ልክ 5 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ኪዩብ ሩትም አያስፈልግም። ስፋቱ 18 ሜትር ካሬ ይሆናል፣ ከኪዩቡ ግማሽ ሜትር ካሬ እንኳን አይበልጥም። አቆራረጡን ተመልከት። ወለሉ ሁለት ላሜራ፣ ክዳኑ ሁለት ላሜራ። እያንዳንዱ ግድግዳ አንድ ሙሉ ላሜራና ከላዩ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቅጥያ። አራቱን ቅጥያ ከአንድ ላሜራ በቁመቱ ሰንጥቀህ ታወጣቸዋለህ። ድምሩ 9 ላሜራ፣ ያለ ቁርጥራጭ። ከ12 ጋር አወዳድረውና ለእትዬ ዋጋውን ንገራቸው። እኩል ጎን የፈለጉት ለመልኩ ካልሆነ በቀር እሺ ይላሉ። ሌላም ጥቅም አለው። ውሃ ግድግዳውን የሚገፋው እንደ ጥልቀቱ ነው፤ 125 ሳንቲ ሜትር ከ171 ያነሰ ይገፋል። ያም ሆኖ ሁለት ሜትር የሚረዝም ግድግዳ መሃሉ ላይ መለጠጡ ስለማይቀር በአንግል ብረት አጠንክረው።

የቁጥሩን ትርጉም የሚቀይሩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሒሳቡ ሁሉ የውስጥ ልክ ነው። ላሜራው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለውና ልኩን በውጭ ከያዝክ 50 ሊትር ያህል ይጎድላል። በኪዩቡም በሳጥኑም ያው ነው። ግራይንደሩ ሲቆርጥ የሚበላው ግን ያን ያህል አያሳስብም፤ ቅጥያው በ2 ሚሊ ሜትር ቢያጥር የሚጎድለው 8 ሊትር ነው። ሁለተኛ፣ የትርፍ ውሃ መውጫውን ከክዳኑ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገህ ከበሳህ ሳጥኑ 400 ሊትር ያጣል፤ አናቱ ሰፊ ስለሆነ ከኪዩቡ በላይ ነው የሚያጣው። መውጫውን የቻልከውን ያህል ወደ ላይ አስጠጋው። እትዬንም «5000 ሲሉ እስከ አፉ ነው ወይስ እስከ መውጫው?» ብለህ አስቀድመህ ጠይቃቸው። ሦስተኛው ቀልድ የለውም። 5000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው፣ ብረቱን ሳይጨምር። መሬት ላይ በደንብ በተሠራ መሠረት ላይ ይቀመጥ። ሰገነት ላይ ወይም ብረት ማማ ላይ ይሁን ካሉህ መሐንዲስ ሳያየው እንዳትነካው።

የእህትህ ጉዳይ። አቋራጩን አትተወው፤ ጥያቄው «የ175616 ኪዩብ ሩት ስንት ነው?» ብሎ ከሙሉ ቁጥር ምርጫዎች ጋር ከመጣ ጊዜ ይቆጥብላታል። «ከሚከተሉት ፍጹም ኪዩብ የሆነው የቱ ነው?» ከመጣ ግን ጉድ ይሠራታል፣ ምክንያቱም አቋራጩ ለሁሉም መልስ አለው። እዚያ ላይ በአሃዝ ድምሩ ታጣራ፣ ከዚያ ያለፉትን በትና ትቧድን። ሚኒስትሪ ላይ ካልኩሌተር ስለሌለ እስከ 10 ያሉትን ኪዩቦች እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሏ ትያዝ። ኔጌቲቭ ቁጥር ቢመጣባትም አትደንግጥ። የ-64 ኪዩብ ሩት -4 ነው፤ የሚከለከለው ካሬ ሩት ላይ ነው። አንዳንድ ስልክ (-64)^(1÷3) ሲጻፍለት «ስህተት» ይላል፤ 64ን ሠርታ ምልክቱን ራሷ ትጨምርበት።